ውሻም ይጃጃል

ለዘንድሮው መጽሔታችን ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ደን መጨፍጨፍ እንደሚጽፉ አውቃለሁ። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን አንዳንዱን የሚያስቅ፣ አንዳንዱን ደግሞ የሚያስቆጣ ነው፤ ይኸውም በስተርጅናው የጃጀ ውሻ ሌሊቱን እንዴት ማደር እንደሚገባው ነው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ርእሱን በሰማ ጊዜ «ሰው በሚራብበት አገር ስለ ውሻ መኝታ ትጽፋለህን?» አለኝ። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ስለ ሆነ በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ ልንገራችሁ።

ውሻችን መቻል ይባላል። አባቴ በ2003 ዓ.ም. ከደሃና በኩል ከሚኖር ዘመዳችን ዘንድ ገና ጡት የተወ ቡችላ ሳለ በጋቢያቸው ጠቅልለው አመጡት። እኔ ያን ጊዜ የ3 ዓመት ሕፃን ነበርሁ። ስለዚህ አብረን አደግን ማለት እችላለሁ፤ ልዩነቱ እኔ ገና ላድግ ስል እርሱ አርጅቶ መጨረሱ ነው።

ሰቆጣን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት፣ ተራራና ሰርጥ የከበባት የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት። ውኃው ሁሉ የሚወርደው ወደ ተከዜ ነው፤ ጅቡ ደግሞ በዚያው በሰርጡ በኩል ሽቅብ ይወጣል። በዚህ ምክንያት በእኛ ዘንድ ውሻ ጌጥ አይደለም። ቀን በገመድ ታስሮ ይውላል፤ ሲመሽ ይፈታል፤ ሌሊቱን በግቢው ዙሪያ ሲዞር ያድራል። መቻል ይህን ሥራ ከ10 ዓመት በላይ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት ሠርቷል። ከፍየሎቻችን አንዲቱ እንኳ በእርሱ ዘመን ለጅብ አልሆነችም። (አንዲት ግልገል ጠፍታ ነበር፤ እርስዋን ግን የወሰዳት ባለ ሁለት እግር ነው ይባላል።)

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰቆጣ በደረሰ ጊዜ ቤተ ሰባችን በሩን ዘግቶ ወጣ። ሕፃንና ሽማግሌ ይዞ የሚሰደድ ሰው ውሻ አይጨምርም፤ ፈትተነው ሄድን። በ2014 ዓ.ም. ስንመለስ ከቤት ውስጥ የጎደለው ዕቃ ብዙ ነበር፤ መቻል ግን የጎድን አጥንቱ እስኪቈጠር ከስቶ ደጃፉ ላይ ተኝቶ አገኘነው። እነዚያን ወራት ምን በልቶ እንደ ቈየ የሚያውቅ የለም። አባቴ ያን ዕለት በሁላችን ፊት፣ «ይህ ውሻ እስኪሞት ድረስ ከእኔ እጅ ይበላል» ብለው ነበር። ይህን ቃል የምጠቅሰው አባቴን ለማሳጣት አይደለም፤ ጽሑፉን ከማሳተሜ በፊት አንብቤላቸው ፈቅደውልኛል።

ሕመሙ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ቀን ቀን አብዝቶ መተኛት አመጣ፤ እኛም እርጅና ነው አልን። ኋላ ግን ሌሊት ሌሊት ከግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ቆሞ መጮኽ ጀመረ። ጎረቤቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያሉ ቀለዱበት፤ ነገሩ ግን ከተረቱም የባሰ ነበር፤ የመጣም የሄደም ጅብ አልነበረምና። በሩ ሲከፈትለት በሚከፈተው በኩል ሳይሆን በማጠፊያው በኩል ቆሞ ይጠብቃል። ከእንጨት ቍልሉ ኋላ ይገባና ወደ ኋላ መመለስ ጠፍቶት ያለቅሳል። ግቢውን ሁልጊዜ በአንድ ወገን ብቻ እየዞረ ሰዓታት ይቈያል። አንድ ማታ ከጥናት ስመለስ በእኔው ላይ ጥርሱን አወጣ፤ ስሙን ጠርቼ እጄን ባሸተትሁት ጊዜ ግን ጅራቱን እያወዛወዘ ተሸማቀቀ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ማታ ከፍርሃቴ ይልቅ ኀዘኔ በረታ።

በዓቢይ ጾም በሦስተኛው ሳምንት በአጥሩ ቀዳዳ ወጥቶ ጠፋ። ሲነጋ ታችኛው ሰርጥ ውስጥ ከሁለት ቋጥኝ መካከል ራሱን ወሽቆ፣ መውጫው ከኋላው ሳለ መውጫ ያጣ ሆኖ አገኘሁት። በአሸዋው ላይ የጅብ ኮቴ ነበረ። እንዴት እንደ ተረፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚገርመው ነገር፣ በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በትግራይ የተደረገና እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2012 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ተመራማሪዎቹ የጅብ ፋንድያ እየሰበሰቡ ምን እንደ በላ ከጠጕሩ ለይተዋል። ከጾሙ በፊት የአህያ ጠጕር የተገኘበት ፋንድያ 15 በመቶ ገደማ ሲሆን በዓቢይ ጾም ወደ 33 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ምክንያቱም በ55 ቀን ጾም ከብት ስለማይታረድ ጅቡ የለመደውን የሥጋና የአጥንት ትራፊ አጥቶ ወደ ሕያው እንስሳ ይዞራል። እኛ ስንጾም ጅቡ ይራባል ማለት ነው። መቻል የጠፋው በዚያ ወራት ነበር።

በዚያ ቀን ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። አባቴ፣ «ከእንግዲህስ መከራውን ማራዘም ነው፤ ከወንዙ ማዶ ወስዶ መተው ይሻላል» አሉ። መተው ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔ ለመናገር አፌን ስከፍት አያቴ ቀደሙኝ። አያቴ በዚህ ዓመት ውስጥ የእኔን ስም ከአጎቴ ስም ጋር ማደባለቅ ጀምረዋል፤ ምጣድ ጥደውም ይረሳሉ። ከመደቡ ላይ ሳይነሡ፣ «ልጄ፣ እኔንስ ወዴት ማዶ ልትወስደኝ አስበሃል?» አሏቸው። አባቴ፣ «ኧረ እናቴ፣ እርስዎን ከውሻ ጋር ማን አስተካከለዎት!» ብለው በጣም ደነገጡ። አያቴም፣ «እኔም አላስተካከልሁም፤ ልጆቹ ግን የሚማሩት ከምታደርገው ነው» ብለው ዝም አሉ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

እኔም እንደ አያቴ ሰውንና ውሻን አላስተካክልም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሕመም ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ፤ የባዮሎጂ መምህራችንንና አንድ የእንስሳት ሐኪምንም ጠየቅሁ። ያወቅሁት ነገር ይህ ነው፤ ውሻም እንደ ሰው ይጃጃል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1906 አሎይስ አልዛይመር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም የአንዲት የሞተች ታማሚ አንጎል መርምሮ ያገኘውን ገለጠ፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው የመርሳት በሽታ ያ ነው። በዚህ በሽታ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን በአንጎል ውስጥ እንደ ዝቃጭ ይከማቻል፤ የነርቭ ሕዋሳትም ይሞታሉ። በጃጁ ውሾች አንጎል ውስጥም ይኸው አሚሎይድ ተገኝቷል። ቀንና ሌሊትን የሚለየው የሰውነት ሰዓትም ስለሚበላሽ ውሻው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይባዝናል። ስለዚህ የመቻል የሌሊት ጩኸት ጥጋብ ወይም ክፋት አይደለም።

ይህ ደግሞ የአንድ ውሻ ዕድል ብቻ አይደለም። በ2001 በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የተደረገ ጥናት፣ ከ11 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ውሾች 28 በመቶ፣ ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ደግሞ 68 በመቶ ቢያንስ አንድ የመጃጀት ምልክት እንደ ታየባቸው አስታውቋል። በ2022 የታተመ ሌላ ትልቅ ጥናትም 15019 ውሾችን ተመልክቶ፣ ውሻ አንድ ዓመት በጨመረ ቍጥር የመጃጀቱ ዕድል 52 በመቶ ከፍ እንደሚል፣ የማይንቀሳቀስ ውሻም ከሚንቀሳቀሰው ይልቅ እጅግ የበለጠ ምልክቱ እንደሚታይበት ገልጧል። (አለመንቀሳቀሱ ሕመሙን ያመጣው ይሁን ወይም ሕመሙ አለመንቀሳቀሱን ያመጣው፣ ጥናቱ አይለይም።) በአሜሪካ ሴሌጂሊን የሚባል መድኃኒት ለዚህ ሕመም በ1998 ተፈቅዷል፤ ያግዛል እንጂ አያድንም። እዚህ እኛ ዘንድ ጠይቄ አላገኘሁም፤ ስለዚህ የሚቀረን በእጃችን ያለው ነገር ነው።

ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ከባድ ነገር ልናገር። ሰፈራችን ውስጥ መቻል «አብዷል» ተብሎ በድንጋይ ተወግሯል። በወረወሩት ልጆች ሙሉ በሙሉ አልፈርድም፤ የእብድ ውሻ በሽታ የሚያስፈራ በሽታ ነውና። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች 99 በመቶ ያህሉ በሽታውን የሚያገኙት ከውሻ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ይለያያሉ። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ ጠባዩ በድንገት ይለወጣል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ምልክቱ በታየ በ10 ቀን ገደማ ውስጥ ይሞታል። የጃጀ ውሻ ግን ወራትና ዓመታት ይቈያል። መቻል በዚህ ሁኔታ ከአንድ ዓመት በላይ ኖሯል። ሆኖም በዐይን ብቻ መለየት የእኛ ሥራ አይደለም፤ ውሻው ጠባዩን በድንገት የለወጠ እንደ ሆነ አለመቅረብና ለእንስሳት ሐኪም መንገር ይገባል። የተነከሰ ሰው ደግሞ ቍስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ውሻው የራሱም ይሁን የጎረቤት። መቻልን በየዓመቱ ማስከተብ የእኔ ሥራ ነው፤ የጃጀ ውሻ ሊነክስ ስለሚችል ለእርሱ ክትባቱ ይበልጡን አስፈላጊ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም በሽታውን የሚያቆመው ውሾችን መግደል ሳይሆን ከመቶው 70 የሚሆኑትን መከተብ ነው ይላል። በአገራችን ከተሞች ግን በመንገድ የሚገኙ ውሾችን በመርዝ የማጥፋት ልማድ አለ፤ በሌሊት መንገድ ስቶ የወጣ ሽማግሌ ውሻ መርዙን ለመብላት የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ ወደ ሌሊቱ እንመለስ። እኔ የደረስሁበት አሳብ በአጭሩ የአባቶቻችንን ልማድ መገልበጥ ነው፤ ውሻ ሲጃጅ ቀን ይፈታ፣ ሌሊት ይዘጋበት። ቀን ቢታሰር ተኝቶ ይውላል፤ ተኝቶ የዋለ ሌሊት አይተኛም። ስለዚህ ጧት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላም ታናሽ እኅቴ በዝግታ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወስዳ ትመልሰዋለች። ሩቅ አይደለም፤ መንቀሳቀሱ ግን ይበቃል።

ማደሪያው ባዶ የነበረው የጥጃ ጋጥ ነው፤ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር ስለሚገናኝ የእሳቱ ሙቀት ይደርሰዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ብርድ ሥጋ የሌለውን ገላ እንዴት እንደሚቈራርጥ ታውቁታላችሁ። ማዕዘኖቹን በጭድ በተሞላ ጆንያ ደፈንናቸው፤ ምክንያቱም ማዕዘን ውስጥ ከገባ መዞር ስለማያውቅ እስኪነጋ እዚያው ይቆማል። ወለሉ ልሙጥ ድንጋይ ነበረ፤ እግሩ እየከዳው ሲወድቅ አይቼ አፈር ደልድዬ ጭድ አነጠፍሁበት። በጭዱ ላይ አያቴ ያረጀ ጋቢያቸውን ጣሉለት። ዐይኑ ደክሟል፣ ጆሮውም እንዲሁ፤ አፍንጫው ግን ገና ይሠራል፤ የሰውን ሽታ ሲያገኝ የት እንዳለ የሚያውቅ ይመስለኛል። ጭዱን በየሁለት ቀኑ መለወጥ የማይቀር ነው። ይህ ደስ የሚል ሥራ ነው ብዬ አልዋሽም።

ስለ ብርሃን ከራሴ ስሕተት የተማርሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ እንዲተኛ ብዬ በጨለማ ዘጋሁበት፤ ሌሊቱን ሙሉ በሩን ሲቧጭር አደረ፤ ሲነጋ ጥፍሮቹ ደምተው ነበር። ኋላ በፀሐይ የምትሞላውን ትንሽ ፋኖስ በዝቅተኛ ብርሃን ከፍ አድርጌ ሰቀልሁለት። በዚያች ሌሊት ሁለት ጊዜ ብቻ ጮኸ። ግድግዳውን ማየት የቻለ እንደ ሆነ ግድግዳ መሆኑን የሚረዳ ይመስላል።

ቀሪው ሥርዓት ነው። እራቱን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ገና ሳይመሽ ይበላል፤ ልንተኛ ስንል በገመድ ይዤ ወደ ውጭ አወጣውና ሽንቱን ይሸናል፤ ከዚያ በኋላ ይዘጋበታል። ውኃው ከአጠገቡ አይነሣም፤ አንዳንድ ሰው ሽንት እንዳያበዛ ብሎ ውኃ ይከለክላል፤ ይህ ግን ለሽማግሌ እንስሳ ጉዳት ነው። በሌሊት ማሰርም አይገባም፤ እየዞረ ገመዱን በአንገቱ ይጠመጥማል፤ ጅብ ቢመጣም የታሰረ ውሻ መሸሻ የለውም። ሲጮኽ መምታት ደግሞ ፈጽሞ ከንቱ ነው፤ ለምን እንደ ተመታ ከመቅጽበት ይረሳዋል፤ ፍርሃቱ ግን ይቀርበታል። እኔ ሄጄ በዝግታ ስሙን እጠራና ጀርባውን እዳስሰዋለሁ። አንዳንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ አንዳንድ ሌሊት ግን አይበቃውም፤ በማግስቱ ፈተና ቢኖርብኝም ከእርሱ ጋር ተቀምጬ ያደርሁበት ጊዜ አለ። የሒሳብ መምህራችን ያንን ውጤት ያስታውሱታል።

የአጥሩን ነገር መዝለል አይገባኝም። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ተረት በእኛ ቤት ቃል በቃል ሊፈጸም ነበር፤ መቻል የወጣበትን ቀዳዳ በድንጋይ ካብ የደፈኑት አባቴ ናቸው። እንደዚሁም ሌሊት ጩኸቱ የበዛበት ውሻ ምናልባት ጥርሱን፣ መገጣጠሚያውን ወይም ኵላሊቱን አሞት ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። የሰው ማስታገሻ መስጠት ግን ክፉ ስሕተት ነው፤ አይቡፕሮፌንም ዲክሎፌናክም ውሻን ይመርዛሉ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ እመጣለሁ። በዋግ ድርቅ እንግዳ አይደለም፤ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያለፈባቸው ሽማግሌዎች ዛሬም ከመካከላችን አሉ፤ በጦርነቱም ከአበርገሌ በኩል ተፈናቅለው በሰቆጣ የተጠለሉትን አይተናል። ለሰው የሚገባውን እንጀራ ለውሻ እንስጥ ያልሁ እንደ ሆነ ጓደኛዬ እውነት አለው። ነገር ግን የመቻል ማደሪያ የፈጀውን ቍጠሩ፤ ያረጀ ጆንያ፣ ጭድ፣ የማይለበስ ጋቢ፣ ማታ ማታ በር መዝጋት። ከዚህ ውስጥ ከሰው አፍ የተነጠቀ የለም። የተጠየቅነው እንቅልፍና ትዕግሥት ነው። ሌሎች ደግሞ ውሻ ርኩስ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አይገባም ይላሉ። እኔም ቤተ ክርስቲያን ይግባ አላልሁም። ሆኖም በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ከመልአኩ ጋር በተጓዘ ጊዜ ውሻው ይከተላቸው እንደ ነበረ፣ በወንጌልም የአልዓዛርን ቍስል የላሱለት ውሾች እንደ ነበሩ እናነባለን። በግሪኮችም መጽሐፍ በኦዲሴይ አርጎስ የሚባል ውሻ ጌታውን 20 ዓመት ጠብቆ፣ የሚንከባከበው አጥቶ በፍግ ክምር ላይ ወድቆ እንደ ተገኘ ተጽፏል፤ ጌታው ሲያየው እንባውን ደብቆ አለፈ። መቻል የጠበቀን ወራት ነው እንጂ 20 ዓመት አይደለም፤ እኛ ግን እንባችንን ደብቀን የምናልፍበት ምክንያት የለንም።

ከአባቴ ጋር በአንድ ነገር እስማማለሁ። መብላት ያቆመ፣ መቆም የማይችል፣ ቀንና ሌሊት የሚጨነቅ እንደ ሆነ ማቈየቱ ምሕረት አይደለም። ያን ጊዜ ሐኪሙ በመርፌ ያለ ሥቃይ ያሳርፈዋል፤ ይህንንም ጠይቄ ሊያደርግልን ፈቅዷል። ከወንዝ ማዶ ለጅብ መተውና ይህ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን ለማስረዳት ብዙ ቃል የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ለጊዜው መቻል ይበላል፤ ፀሐይ ላይ ይተኛል፤ አባቴም ከእጃቸው ቍራሽ ይሰጡታል። አዲስ ቡችላ አምጥተናል፤ ሥራውን ገና አልተማረም፤ ሌሊት ከጋጡ በር ሥር ተጠግቶ ይተኛል። እኔ ደግሞ ዘንድሮ የመልቀቂያ ፈተናውን አልፌ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄድሁ እንደ ሆነ በሩን ማታ ማታ የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋል። ታናሽ እኅቴ «እኔ እዘጋለሁ» ብላለች፤ እርስዋ ግን እንቅልፋም ናት። አያቴም «እኔ አለሁ» ብለዋል፤ እንዳይረሱትም ቍልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል።